የአማተር ሬዲዮ አጀማመር

ሞያሌ በኬንያና በኢትዮጵያ ወሰን ላይ የተቈረቈረች የንግድ ከተማ ናት። ስሟ አንድ ይሁን እንጂ ከተማዋ ሁለት ናት፤ ደቡባዊው ክፍል በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ሥር ሲተዳደር፣ ሰሜናዊው ክፍል የኢትዮጵያ ነው። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ እንደየጉዳዩ ይነገራሉ። ከአንዱ ሞያሌ ወደ ሌላው የሚሻገር መንገደኛ ወረቀቱን ማሳየት፣ ነጋዴም ዕቃውን ማስፈተሽ ይኖርበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የጋራ የድንበር አገልግሎት መስጫም ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ነው።

ኬላው እስኪከፈትለት ሳይጠብቅ የሚያልፍ አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የሬዲዮ ሞገድ ነው። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በ1982 በአጭር ሞገድ ሥርጭት ከጀመሩ ወዲህ፣ ማታ ማታ በትራንዚስተር ሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጦ ዜና መስማት በድንበሩ ግራና ቀኝ ለብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነገር ነበር። ጣቢያ ለመፈለግ የሬዲዮውን ቍልፍ ያዞሩ የነበሩ ሰዎች፣ ከአንዱ የዜና ጣቢያ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በመካከሉ እንደ ዳክዬ ጩኸት የተጨማደደ የሰው ድምፅ ወይም እየተቈራረጠ የሚያፏጭ ምልክት ሳይሰሙ አልቀሩም። ብዙዎቹ የሬዲዮው ብልሽት መስሏቸው አልፈውታል። አንዳንዱ የመርከብ፣ አንዳንዱም የጦር ሠራዊት መልእክት ነበር፤ ከፊሉ ግን የአማተሮች ንግግር ነው። የምንነጋገረውም ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

የሬዲዮ አማተር ማለት ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ሙያውን ወዶ፣ ከመንግሥቱ ፈቃድ አግኝቶ፣ በራሱ ጣቢያ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ሕንፃና ረጅም ምሰሶ በዐይነ ኅሊናችን ሊመጣ ይችላል። የአማተር ጣቢያ ግን በአንድ ጠረጴዛ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ከውጭ ከተዘረጋ ሽቦ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። አማተሩ ሙዚቃ አያሰራጭም፤ ማስታወቂያ አይናገርም፤ የሌላውንም ሰው ጉዳይ በክፍያ አያደርስም። የሚናገረው ስለ መሣሪያው፣ ስለ አየሩ ጠባይና ስለ ራሱ ነው። ይህ ለሰሚው አሰልቺ ይመስል ይሆናል። በእርግጥም የአብዛኞቹ ንግግር ከሰላምታ፣ ከስም፣ ከከተማና «ድምፅህ በደንብ ይሰማኛል» ከማለት አያልፍም። ደስታው ያለው በተነገረው ቃል ሳይሆን፣ ቃሉ በገዛ እጅ በተሠራ ነገር ውቅያኖስ ተሻግሮ በመድረሱ ነው።

ይህ ሙያ ከሬዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ሲሆን፣ ታሪኩም ጥቂት ያስገርማል። ጉልየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1901 ምልክት ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ ጠረፍ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ካሻገረ በኋላ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣቶች በየቤታቸው መሣሪያ እየሠሩ አየሩን አጨናነቁት። የታይታኒክ መርከብ በሰጠመችበት በ1912 የአሜሪካ መንግሥት የሬዲዮ ሕግ አወጣ። በሕጉም መሠረት መልካሙና ረጅሙ ሞገድ ለመንግሥትና ለመርከቦች ተጠብቆ፣ አማተሮች ከ200 ሜትር በታች ወዳለው አጭር ሞገድ ተገፉ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ዐዋቂዎች፣ ሞገድ ባጠረ ቍጥር ሩቅ አይሄድም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ለአማተሮቹ የተሰጣቸው የማይጠቅም ነው የተባለው ትራፊ ነበር።

አማተሮቹ ግን ትራፊውን መመርመር ያዙ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1923 ፍሬድ ሽኔልና ጆን ራይናርትዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ ከሚኖረው ከሌዎን ዴልዋ ጋር 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ በአትላንቲክ ላይ ተነጋገሩ። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1924፣ ከዚህ የበለጠ ነገር ሆነ። ሴሲል ጎይደር የተባለ የዐሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ፣ በለንደን ሚል ሂል በሚባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ባቋቋመው ጣቢያ፣ በኒውዚላንድ በአንድ የበግ እርባታ ቦታ ከሚኖረው ከፍራንክ ቤል ጋር ተገናኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ18,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በምድር ላይ ከዚያ ብዙም የሚርቅ ቦታ የለም። የፍራንክ ቤል እኅት ብሬንዳ ቤልም ጣቢያውን ተረክባ ትሠራበት ነበር። ለተማሪ የሚሆን ታሪክ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ መንግሥታትና ኩባንያዎች በብዙ ገንዘብ የሚሠሩትን ነገር አንድ ተማሪና አንድ ገበሬ በሽቦ ሠርተውታልና።

አጭር ሞገድ ይህን ያህል ሊርቅ የቻለው ስለምንድር ነው? ሞገዱ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ሲሆን፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት፤ ስለዚህ ከአድማስ በኋላ ወደ ሕዋ ሊጠፋ ይገባው ነበር። የማይጠፋው ከላያችን ኢዮኖስፌር የሚባል የአየር ንብርብር ስላለ ነው። የፀሐይ ጨረር በዚያ ከፍታ ያለውን ስስ አየር ሲመታው ኤሌክትሮኖችን ከአተሞቻቸው ይነጥላል። እንዲህ የሆነው አየር አጭሩን ሞገድ አጥፎ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ኬኔሊና ሄቪሳይድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ይህን እ.ኤ.አ. በ1902 ገምተው ነበር፤ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን ደግሞ በ1924 በመለኪያ አረጋግጦ፣ በ1947 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያገለግለው ንብርብር ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከእርሱ በታች፣ በ60ና በ90 ኪሎ ሜትር መካከል፣ ቀን ቀን ብቻ የሚፈጠር ሌላ ንብርብር አለ፤ ይህኛው ሞገድ ከመመለስ ይልቅ ይውጣል። በትንሹ ሬዲዮ ቀን የማይሰሙ የሩቅ ጣቢያዎች ማታ የሚሰሙት ስለዚህ ነው።

እስቲ ይህን በሞያሌ ላይ እናስላው። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ቀጥታ በአየር ሲለካ 610 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ናይሮቢ ደግሞ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል እንደ ሚዛን ምሰሶ ቆማለች ለማለት ይቻላል። ሞገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይታጠፋል እንበል። ከሞያሌ እስከ መንገዱ አጋማሽ በምድር 300 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም ወደ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ የምድርን ክብነት ለጊዜው ብንተወው፣ ሞገዱ ከአንቴናው የሚነሣበት ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው። የተጓዘውም መንገድ ሲደመር 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ አዲስ አበባ ለመድረስ የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ሦስት እጅ እንኳ አይፈጅበትም። አውቶቡሱ ይህንኑ መንገድ ሙሉ ቀን ሄዶ የማይጨርሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ለዚህ ዓይነቱ ርቀት ቀን ቀን የሚመቸው 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው፣ አማተሮች የ40 ሜትር ባንድ የሚሉት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የሚኖር ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውላል። የምድር መግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ ውስጥ የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመውም ቦታው ለዚህ ጥናት ተፈላጊ ስለነበረ ነው። በዚህ ወገብ አቅራቢያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ኢዮኖስፌር ይታወካል፤ የሚመጣውም ድምፅ በውሃ ውስጥ ያለፈ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሞያሌ አዳማጭ ማታ ድምፁ ቢንቀጠቀጥበት ሬዲዮውን ለመፈታታት አይቸኩል፤ የሰማዩ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አንድ ተማሪ ይህን ሙያ ለመጀመር ምን ያስፈልገዋል? ብዙ ሰው አስቀድሞ ማስተላለፊያ መሣሪያ መግዛት ያምረዋል። በእኔ አስተያየት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የሚጀመረው በማዳመጥ ነው፤ ለማዳመጥ የሚያስፈልገውም ጥቂት ነገር ነው። የመጀመሪያው አጭር ሞገድ የሚይዝ ተቀባይ ሬዲዮ ነው። የአማተሮችን የዳክዬ ድምፅ ወደ ሰው ድምፅ የሚመልስ፣ «ኤስ ኤስ ቢ» የሚል ምልክት ያለው ሬዲዮ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው። ድምፁ የተጨማደደው አማተሮች ኀይል ለመቈጠብ ሲሉ ከሞገዱ ግማሹን ጎን ብቻ ስለሚልኩ ነው፤ ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ የላይኛውን ጎን፣ ከዚያ በታች ደግሞ የታችኛውን ጎን መላክ የተለመደ ነው። ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካ የጣት ያህል ተቀባይ በውጭ ገበያ በ30 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይገኛል። አንዱ ለሠላሳ ተማሪ ስለሚበቃ የየአንዳንዱ ድርሻ ከአንድ ደብተር ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛው አንቴና ነው፤ እርሱም ሽቦ ነው። ከተበላሸ ሞተር ወይም ትራንስፎርመር የተፈታ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ 10 ወይም 15 ሜትር ያህል ከቤቱ ክዳን ራቅ አድርጎ በሁለት እንጨት ወይም በዛፍ መካከል መወጠር ነው፤ ከቆርቆሮ ክዳን ጋር እንዳይነካካ ጫፎቹን በፕላስቲክ ወይም በናይሎን ገመድ ማሰር ያስፈልጋል። ልኩን አሳምሮ መሥራት የፈለገ ደግሞ ሒሳቡን ይጠቀማል። 300 በሜጋኸርዙ ሲካፈል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጣል፤ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 42 ሜትር ያህል ይሆናል። የዚህ ግማሽ 21 ሜትር ነው፤ ሽቦ ውስጥ ጥቂት ስለሚቀነስ ወደ 20 ሜትር ዝቅ ይላል። ይህን ከመካከሉ ቈርጦ፣ ለቴሌቪዥን ዲሽ የሚያገለግለውን ዓይነት ኬብል አንዱን ክር በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ክንድ ላይ ማያያዝ ነው። እንግዲህ ሁለት ክንድ፣ ክንዱም 10 ሜትር፤ በዓለም ላይ የሚሠሩ ብዙ የአማተር ጣቢያዎች ከዚህ የተለየ አንቴና የላቸውም።

ሦስተኛው ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሜጋኸርዙ፣ የተሰማው ጣቢያ ስምና የድምፁ ጥራት ይጻፋል። ጥራቱ በሁለት ቍጥር ይገለጣል፤ የመጀመሪያው ንግግሩ ምን ያህል እንደሚለይ ከ1 እስከ 5፣ ሁለተኛው የምልክቱ ብርታት ከ1 እስከ 9 ነው። «59» ከተባለ ጥርት ብሎ፣ በርትቶ ተሰምቷል ማለት ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ በዚህ ላይ የሞያሌ ተማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። በአማርኛም ሆነ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ነው። ስለዚህ ከጧቱ ሦስት ሰዓት በዓለም አቀፉ አቈጣጠር 6፡00 ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ደግሞ 17፡00 ይሆናል። በቀን ሰዓት ላይ 3፣ በምሽቱ ላይ 15 መደመር ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድምሩ ከ24 ካለፈ 24 መቀነስን መርሳት አይገባም።

ቍልፉን በ7.0 እና በ7.2፣ ወይም በ14.0 እና በ14.35 ሜጋኸርዝ መካከል ቀስ ብሎ የሚያዞር ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ጆሮው ይለምዳል። «ሲ ኪው» የሚል ጥሪ ይሰማል፤ ትርጕሙ «ማንም የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ» ነው። ቀጥሎ ጠሪው ስሙን ሳይሆን የጥሪ ምልክቱን ይናገራል። ይህ ምልክት የመኪና ሰሌዳ ቍጥር ማለት ነው፤ መጀመሪያውን አይቶ አገሩን ማወቅ ይቻላል። ለኢትዮጵያ የተመደበው «ኢ ቲ» ሲሆን የአማተሮቹ «ኢ ቲ 3» ተብሎ ይጀምራል፤ የኬንያ አማተሮች ደግሞ «5 ዜድ 4» ይላሉ። ፊደሎቹ በጩኸት መካከል እንዳይምታቱ እያንዳንዳቸው በቃል ይተካሉ፤ «ኢ» ኤኮ፣ «ቲ» ታንጎ፣ «ዜድ» ዙሉ ይባላሉ። በሞርስ ፊደል ለሚሠሩት የኢትዮጵያ ዕድል ያስቀናል። «ኢ» አንዲት ነጥብ፣ «ቲ» አንዲት ሰረዝ ብቻ ናቸውና፣ ከእነርሱ ያጠረ ፊደል የለም። የኬንያው ግን አምስት ነጥብ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝና ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም አራት ነጥብና አንድ ሰረዝ ነው፤ የጣት ድካም አለበት።

ማዳመጥ የጠገበ ሰው መናገር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ በየገበያው በእጅ የሚያዙ ትናንሽ የመገናኛ ሬዲዮዎች ርካሽ ሆነዋል፤ በውጭ ገበያ ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጡ አሉ። መግዛት ቀላል በመሆኑ ብዙ ወጣት እንደ መጫወቻ ይቈጥራቸዋል። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ በኬንያም በኢትዮጵያም በሕግ ያስጠይቃል፤ በድንበር ከተማ ደግሞ ጥያቄው ከገንዘብ መቀጫ አልፎ ሌላ ጥርጣሬ ሊያስከትል ይችላል። የጸጥታ ሰው አንድ ወጣት በወሰን አጠገብ ሬዲዮ ይዞ ሲነጋገር ቢያገኘው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ እንዲያምነው አይጠበቅም። ከዚህም በላይ ያ ትንሽ መሣሪያ የፖሊስን፣ የአምቡላንስን ወይም የአውሮፕላንን መገናኛ ሊያውክ ይችላል፤ ሕጉ የወጣው ሰውን ለማስጨነቅ ብቻ አይደለም።

ፈቃዱን የሚሰጡት በኬንያ የኬንያ የመገናኛ ባለሥልጣን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ናቸው። ፈቃድ ጠያቂው የሬዲዮን መሠረታዊ ትምህርትና የአየሩን ሥርዓት ማወቁን ማሳየት አለበት። በደቡቡ ሞያሌ የተሰጠ ፈቃድ በሰሜኑ ሞያሌ አይሠራም። አንድ የኬንያ አማተር መሣሪያውን ተሸክሞ ጥቂት መቶ ሜትር ቢራመድና ወሰኑን ቢሻገር፣ ኢትዮጵያ ፈቃድ እስካልሰጠችው ድረስ አፉን መያዝ ይኖርበታል። ቤቱ ተቀምጦ ግን ከኬላው ማዶ ካለ ባለፈቃድ አማተር ጋር እንደ ልቡ መነጋገር ይችላል። ወሰን የሚጠብቀው ተናጋሪውን እንጂ ንግግሩን አይደለም። ለንግግሩ ሌላ ሥርዓት አለው፤ ይኸውም በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አማተር የጥሪ ምልክቱን ቶሎ ቶሎ መናገር አለበት፤ ትርጕሙን ለመሰወር በምስጢር ቃል መነጋገርም ክልክል ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ስዋሂሊ ግን ግልጽ ቋንቋዎች በመሆናቸው ማንም ሊነጋገርባቸው ይችላል።

ብቻውን ከሚደክም ይልቅ በማኅበር የሚማር ይቀናዋል። በኬንያ የኬንያ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር፣ በኢትዮጵያም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አሉ፤ ሁለቱም የዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት አባላት ናቸው። የኢትዮጵያው ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» የሚል የጥሪ ምልክት ያለው ሲሆን፣ የተተከለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። በዚያ የምሕንድስና ተማሪዎች በክፍል የተማሩትን ስለ ሞገድና ስለ አንቴና የሚነገር ሒሳብ በእጃቸው ይሞክሩታል፤ ከውጭ አገር የመጡ አማተሮችም በማስተማርና መሣሪያ በመለገስ ረድተዋቸዋል። ከኢትዮጵያ የሚሠሩ ጣቢያዎች ጥቂት በመሆናቸው «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» አየር ላይ ሲወጣ ከጃፓን፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብዙዎች ባንድ ጊዜ ይጠሩታል። አማተርነት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካውያን አስመራ ውስጥ በነበራቸው በቃኘው ጣቢያ ወታደሮቹ ለትርፍ ጊዜያቸው የአማተር ጣቢያ ነበራቸው። ያ የእንግዶች ጣቢያ ሲሆን፣ ይህኛው ግን የተማሪዎች በመሆኑ ይለያል።

ፈቃድ የተገኘ እንደሆነ ወጪው የግድ አይከብድም። በ5 ዋት ኀይል፣ ማለትም ከብስክሌት መብራት ብዙም በማይበልጥ ኀይል፣ ሰማዩ በተመቸ ጊዜ በሞርስ ፊደል ከአህጉር ወደ አህጉር መነጋገር ይቻላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በአንድ የሞተር ብስክሌት ባትሪ ይሠራል፤ ባትሪውንም በሞያሌ ፀሐይ በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ መሙላት አያስቸግርም። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ መቶ ዋት የሚሰጥ መሣሪያ ሊገዛ ይችላል፤ ሩቅ ለመድረስ ግን ሰማዩን ማጥናት ከኀይሉ ይበልጥ ይረዳል። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እየበረታች ትመላለሳለች፤ በእነዚያ ዓመታት ደካማው ጣቢያ እንኳ ብርቱ ይሆናል።

የሬዲዮ ነገር በምድር ብቻም አልቀረም። አማተሮች የሠሩት ኦስካር 1 የተባለ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1961 ወደ ሕዋ ተልኮ በሞርስ ፊደል ሰላምታ ሲያሰማ ነበር። ዛሬ የዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ በላያችን ሲያልፍ፣ ጠፈርተኞቹ በሚናገሩበት ጊዜ በ145.8 ሜጋኸርዝ በትንሽ ተቀባይ ይሰማሉ፤ ማለፊያው ከዐሥር ደቂቃ ገደማ አይበልጥም። ለሞያሌ ከሁሉ የሚመቸው ግን በኖቬምበር 2018 የመጠቀው የኳታር ሳተላይት ነው። ለቴሌቪዥን ከተሠራው ክፍል ሌላ ለአማተሮች የተለየ መሣሪያ ስላለው፣ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮች ይገናኙበታል። ቦታው በምድር ወገብ ላይ በመሆኑ ከሞያሌ ሲታይ ወደ ምዕራብ ጥቂት አዘንብሎ አናት ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ከአድማስ 74 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። አሮጌ የቴሌቪዥን ዲሽ፣ የዲሹ መቀበያና ቀደም ብለን የጠቀስነው ባለ ኮምፒዩተር ተቀባይ ካሉ፣ ንግግሩ ሌት ተቀን ይሰማል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ በ2004 በሕንድ ውቅያኖስ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ባራቲ ፕራሳድ የምትባል የሕንድ አማተር ከጓደኞቿ ጋር ወደ አንዳማን ደሴቶች የሄደችው ከሩቅ አገሮች ጋር ለመነጋገር ነበር። ዲሴምበር 26 ቀን ሱናሚ ደሴቶቹን ሲመታ የስልክ መስመር ተቈረጠ። በዚያን ጊዜ ለትርፍ ጊዜ ተብሎ የተተከለው ጣቢያ ስለ ሰዎች ደኅንነት መልእክት የሚያልፍበት መንገድ ሆነ። የሌላ ሰው መልእክት እንዳይተላለፍ የሚከለክለው የአማተሮች ደንብም ለእንዲህ ያለው ቀን ፈቃድ ይሰጣል።

ሽቦ የዘረጋ አዳማጭ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። በቦረና ምድር በጋናውና በሐገያው ዝናም ጊዜ መብረቅ ይበዛል፤ ደመና ሲጠቍር የአንቴናውን ሽቦ ከሬዲዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ መጣል ያስፈልጋል። ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም ሆነ በታች ማለፍ የለበትም።

አዳማጩ የሰማውን ለተናጋሪው መጻፍ ይችላል። በፖስታ ካርድ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሜጋኸርዙንና «59» ወይም «43» ብሎ የድምፁን ጥራት ጽፎ በማኅበሩ በኩል ይልካል፤ ተናጋሪውም የራሱን ካርድ ይመልስለታል። «ኪው ኤስ ኤል» የሚባለው ይህ ካርድ የጣቢያው ምልክት፣ ብዙ ጊዜም የአገሩ ሥዕል አለበት። መልሱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ካርድ የላከ ሰው የደብተሩን ገጽ ቀድዶ መጣል አይገባውም።